ፈረንጅ ሲመጣ ምላሴ ይታሰራል፤ ምን ልሸምድድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ጅማ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሥራ ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነበርኩ። ማንበብ አያቅተኝም። ፈረንጅ ሲመጣ ግን ምላሴ ይታሰራል። የሚለውን ግማሹን አልሰማውም። የሰማሁትንም ልመልስ ስል ቃሉ ይጠፋኛል። ከቴሌግራም «500 የዕለት ተዕለት ዓረፍተ ነገሮች» የሚል ፒዲኤፍ አውርጄ ልሸምድድ ነው። ይጠቅመኛል? ካልሆነ የትኞቹን ልያዝ? ደግሞ መጀመሪያው ላይ «ሃው ዱ ዩ ዱ» የሚል አለ። መልሱ ምንድን ነው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ «ሃው ዱ ዩ ዱ»ን ለመጨረሻ እናቆየው። ፒዲኤፉን አታጥፊው፤ አትሸምድጂውም።

500 ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ብትይዢ እንግዳው ይዞ የሚመጣው 501ኛውን ነው። እዚሁ ጅማ የማታ እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። የሚመጡት ልጆች እንዳንቺው ናቸው። ቃል አላጡም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምረዋል። ከ9ኛ በኋላ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ የምታስረዳ ልጅ «ፎጣ አልቋል» ለማለት ላብ ያጠምቃታል። የቸገራት ወሬው መሀል መንገድ ስትስት መመለሻ ማጣቷ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መያዝ ያለብሽ መመለሻውን ነው። ከ10 አይበልጥም።

አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ ሁሉንም በፊደላችን የምጽፈው ለንባብ እንዲቀልሽ ነው። አንቺ ደብተርሽ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ገልብጪው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ትደርሺበታለሽ።

ያልሰማሽ ጊዜ «ሶሪ?» በይ። ድምፅሽ መጨረሻ ላይ ከፍ ይበል። ከፍ ካለ «ምን አሉኝ?» ነው። ዝቅ ካለ «አጠፋሁ፣ ይቅርታ» ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ዜማው ነው የሚለየው። «ዋት?» ግን አትበይ። ፊት አጥቁሮ «ምን አልክ!» እንደማለት ሊሰማው ይችላል። አሁንም ካልገባሽ «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?»። ፍጥነቱ ከሆነ ያስቸገረሽ «ኩድ ዩ ስፒክ ኤ ሊትል ሞር ስሎውሊ፣ ፕሊዝ?»። ይሄንን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሁሉም የምወደው ግን የሰማሽውን ግማሽ መልሶ ማቀበል ነው። ሰውየው አንድ ረዥም ነገር አወራ እንበል። አንቺ የያዝሽው «ቱ ናይትስ» የሚለውን ብቻ ነው። በቃ፣ እሱን በጥያቄ ድምፅ መልሺለት፦ «ቱ ናይትስ?»። ወይም «ዩ ሚን ቱሞሮው?»። እሱ «የስ» ብሎ ቀሪውን በቀላል ቃል ይደግመዋል። አላወቅሽም ሳትባይ አስደገምሽው ማለት ነው።

የኛ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ ምን ያደርጋል? «የስ፣ የስ» ይላል። «እሺ» የለመደ አፍ ነው። ሳይገባን እሺ የምንለው ሰውየውን ላለማስቀየም ነው። እንግዳው ግን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቆ «የስ» ተብሏል። ያንን ብርድ ልብስ እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቃል። ጠዋት የሚመጣው ኩርፊያ ከየት እንደመጣ አንቺ አታውቂም።

ቃል ሲጠፋሽ ደግሞ ጊዜ ግዢ። «ጀስት ኤ ሞመንት፣ ፕሊዝ» ወይም «ሌት ሚ ቼክ»። መዝገቡን ማገላበጥ ነው እንጂ የጠፋሽን ቃል እየፈለግሽ እንደሆነ ማን ያውቃል? ቃሉ ጭራሽ ካልመጣ ዙሪው። «ኢትስ ኤ ካይንድ ኦቭ...» ብለሽ ጀምሪ፤ «የ... ዓይነት ነገር ነው» ማለት ነው። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት ማወቅ አያስፈልግሽም። «ኢትስ ኤ ካይንድ ኦቭ ቼር። ኢት ሃዝ ትሪ ሌግስ። ዊ ሜክ ኢት ሂር ኢን ጅማ»። አለቀ። ቡናውንም እንደዚሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ስሙን መጥራት፤ ቀጥሎ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ዙር እንደሆነ መንገር። እንግዳው ስሙን በአማርኛ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ተርጉሚልኝ ብሎ የሚያስጨንቅሽ የለም።

አሁን ወደ አክብሮት እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

አማርኛ አክብሮቱን ግሡ ላይ ይሰፋዋል። «ቁጭ በል» እና «ይቀመጡ» ያላቸውን ልዩነት ሕፃንም ያውቀዋል። ኦሮምኛም «አቲ» እና «ኢሲን» አለው። እንግሊዝኛ ግን ለፕሬዝዳንቱም ለሊስትሮውም «ዩ» ነው። ታዲያ አንቱታውን የት ደበቀው? ዙሪያ ጥምጥሙ ውስጥ። ትእዛዙን ጥያቄ ያደርገዋል፣ ዓረፍተ ነገሩን ያስረዝመዋል። «ሲት ዳውን» ቁጭ በል ነው። «ፕሊዝ፣ ሃቭ ኤ ሲት» ይቀመጡ ነው። «ጊቭ ሚ ዩር ፓስፖርት» የፖሊስ አነጋገር ነው፤ «ኩድ አይ ሲ ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?» የእንግዳ ተቀባይ ነው። «ዌይት!» ማለት «ቆይ!» ነው፤ ከላይ ያስያዝኩሽ «ጀስት ኤ ሞመንት» ደግሞ «አንዴ ይታገሡኝ»። እኛ በፊታችን፣ በእጃችን፣ ጎንበስ በማለታችን ስለምናከብር ቃሉ ባያከብርም ግድ የለም ብለን እናስባለን። ስልክ ላይ ግን ጎንበስ ማለትሽ አይታይም።

ክፉ ወሬ ስትነግሪ «አይም አፍሬድ» ብለሽ ጀምሪ። መዝገበ ቃላቱ «ፈርቻለሁ» ይልሻል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ፍርሃት የለበትም። «ሲያሳዝን» ወይም «ይቅርታ፣ ግን» እንደማለት ነው። «አይም አፍሬድ ዘ ሆት ዋተር ኢዝንት ዎርኪንግ ቱዴይ»። መብራት በጠፋ ቁጥር ትጠቀሚበታለሽ፤ ቶሎ ይለምድልሻል።

አንዳንዱ አማርኛ ደግሞ አይሻገርም። «አይዞህ» አንዱ ነው። እንግዳው ሆዴን አመመኝ ሲል «ቢ ስትሮንግ» ያለች ተማሪ ነበረችኝ። በርታ ማለቷ ነው፤ ልቧ ንጹሕ ነው። ሰውየው ግን ምን አንሳ ነው የምትለኝ ብሎ ግራ ይገባዋል። በዚህ ጊዜ የሚባለው «አይም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ነው። «ምን አጥፍቼ ነው ሶሪ የምለው?» ብላ ተከራክራኛለች። ይህኛው «ሶሪ» ጥፋት አይደለም፤ አዘንኩልህ ነው። ከዚያ «ካን አይ ጌት ዩ ኤኒቲንግ?» ትያለሽ፤ የማመጣልህ ነገር አለ ወይ ነው።

«ጨዋታ»ም እንደዚያው። ማታ ከእንግዳው ጋር ቡና ላይ ስታወሩ አምሽታችሁ፣ በማግስቱ «ዊ ፕሌይድ ላስት ናይት» ብትይ የሚሰማ ሰው ኳስ ወይ ካርታ ይመስለዋል። ሌላም ሊመስለው ይችላል። «ዊ ቶክድ» ወይም «ዊ ሃድ ኤ ቻት» በይ።

«በሞቴ»ን ለመተርጎም እንኳ አትሞክሪ። ጠረጴዛ ላይ «ኢት! ኢት!» ማለት ብላ ብላ ነው፤ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፣ እነሱ ዘንድ ጭቅጭቅ። «ፕሊዝ፣ ሄልፕ ዩርሰልፍ» በይና ተዪው። ጨምር ለማለት «ውድ ዩ ላይክ ሰም ሞር?»። አንዴ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካለሽ ጠግቧል። የኛ እንግዳ ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው ይበላል። የእነሱ ከመጀመሪያው እምቢታ በኋላ አይመለስም። ሲጋበዝም እንደዚያው ነው፤ አንቺ ለይሉኝታ አንዴ «ኖ» ካልሽ ሻይሽ ሳይመጣ ይቀራል።

አሁን ዋናው ወጥመድ። እኔንም የጣለኝ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ አጠገቤ ወንበር ባዶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጥተው «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» አሉኝ። እኔ ደስ ብሎኝ «የስ! የስ!» አልኩ። ፈገግ አሉና ሄደው ጥግ ላይ ቆሙ። ወንበሩ ባዶውን ዋለ። የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። የጠየቁኝ «እዚህ ብቀመጥ ይከብድሃል?» ብለው ነው። እኔ «አዎ! አዎ!» አልኳቸው። «ማይንድ» ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ፈቃድሽ «ኖ» ነው፦ «ኖ፣ ኖት አት ኦል»። አይከብደኝም ማለትሽ ነው።

የዚሁ ዘመድ የሆነው አሉታዊ ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በየቀኑ ነው የሚመጣው። በአማርኛ «ሙቅ ውሃ የላችሁም?» ቢሉሽ «አዎ፣ የለንም» ትያለሽ። «አዎ»ው የሚስማማው ከጠያቂው ጋር ነው፤ ልክ ነህ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ጠያቂውን አያይም። የሚያየው ነገሩን ነው። ከሌለ «ኖ፣ ዊ ዶንት»። ካለ «የስ፣ ዊ ዱ»። «ዶንት ዩ ሃቭ ሆት ዋተር?» ሲልሽ «የስ» ካልሽው ፎጣውን ይዞ ገብቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይጮሃል። ጭንቅላትሽ ውስጥ ሁለቱ ከተጋጩብሽ «የስ»ንም «ኖ»ንም ተያቸው። «ዊ ሃቭ ሆት ዋተር ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብለሽ ሙሉውን ንገሪው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያሳስትም።

ስለ «አዎ» ካነሳሁ አይቀር፤ አየር ወደ ውስጥ ስበን «አ» የምንላት ነገር አለች። እኛ ተስማማን ማለታችን ነው። ለማያውቀው ሰው ግን የድንጋጤ ድምፅ ነው። ስንት እንግዳ ዞሮ ከጀርባው ምን እንዳለ አይቷል! መተው አያስፈልግም፤ «የስ»ን ግን ጨምሪበት።

ሰዓት። ከስሕተቶቹ ሁሉ ገንዘብ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። የኛ ሰዓት ከእነሱ በ6 ይለያል። ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምራል ብለሽ «ብሬክፋስት ኢዝ አት ዋን» ካልሽው በ7 ሰዓት፣ በምሳ ጊዜ ይወርዳል። «ሰቨን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው ማለት ያለብሽ። የባሰው አውቶቡስ ነው። የአዲስ አበባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል እንበል። «ኢለቨን አት ናይት» ካልሽው ምሽት 5 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ ጨለማ መናኸሪያ ይቆማል። ትክክሉ «ፋይቭ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። 6 ደምሪ ወይ ቀንሺ፤ «ሞርኒንግ» ወይም «ኢቭኒንግ» ብለሽ አስከትዪ። ስልክሽ የእነሱን ሰዓት ስለሚያሳይ እሱን አሳይው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ቀንም ስትመዘግቢ የወሩን ስም አስነግሪው። 5/10 ብሎ የጻፈ እንግሊዛዊ ኦክቶበር 5 ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊ ከሆነ ሜይ 10 ነው። የኛን ወር ከጨመርሽበት ደግሞ ሦስት ቀን ሆነ።

ሰላምታው ቀላል ነው፣ ግን አጭር ነው። ጅማ ላይ «አካም ጂርታ? ነጋዳ?» ተብሎ ተጀምሮ ልጁ፣ ጤናው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሳይነሳ አያልቅም። የእነሱ «ሃው አር ዩ?» አንድ ጊዜ ነው። «ፋይን፣ ታንክስ። ሃው አር ዩ?» ብለሽ ትመልሺያለሽ። መልሶ መጠየቁን አትርሺ። እየሄደ ከጠየቀሽ የራስ ምታትሽን ሊሰማ አይደለም። ከዚያ ወሬ ከፈለግሽ «ሃው ዎዝ ዩር ትሪፕ?» በይ። ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፣ የግቤን ቁልቁለትም አይቷል፤ የሚያወራው አያጣም። «ኢዝ ዚስ ዩር ፈርስት ታይም ኢን ጅማ?» ደግሞ ጥሩ ተከታይ ነው። «የስ» ካለሽ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አንሺለት። ዕድሜው፣ ማግባቱ፣ ሃይማኖቱ፣ ደሞዙ ይቅርብሽ። እኛ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «አግብተሃል?» ብለን እንጠይቃለን። እሱ ግን ይደነግጣል።

አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልንገርሽ። እንግሊዝኛ ከሚናገረው የዓለም ሕዝብ የሚበልጠው በልጅነቱ ከእናቱ አፍ የሰማው አይደለም። እንደ አንቺው ተምሮ ነው። ቡና ሊገዛ የመጣው ጀርመናዊ፣ መንገድ የሚሠራው ቻይናዊ፣ እነሱም ቃል ይጠፋባቸዋል። ባንኮኒው ፊት ለፊት የቆመው ሰውዬ ካንቺ በላይ ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ ፊደሉ ልመለስ። «አይ ሊቭ ኢን ጅማ» ብዬ ልጻፍልሽ። «ሊቭ» የሚለውን በአጭሩ ካልሽው ጅማ እኖራለሁ ነው። ከንፈርሽን ፈገግ አድርገሽ ካስረዘምሽው ደግሞ ለቅቄ እሄዳለሁ ይሆናል። ፊደላችን ሁለቱንም «ሊቭ» ብሎ ነው የሚጽፋቸው። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛው ገልብጪ ያልኩሽ። ቁጥርም እንደዚሁ ያምታታል። 13 እና 30፣ 15 እና 50። የ13 መጨረሻ፣ «ቲን» የምትለው፣ ትረዝማለች፣ ትከብዳለች። የ30ው ክብደት መጀመሪያው ላይ ነው። ክፍል ስትነግሪ «ፊፍቲን፣ ዋን ፋይቭ» ብለሽ ነጥዪው። በ«እስትሪት» እና በ«እስፔሻል» መጀመሪያ ላይ የምንጨምራትን «እ» ግን እኔ አልነካትም። ማንም በሷ ተሳስቶ አያውቅም፤ አርሚ የሚሉሽ ካሉ እነሱ ያርሙ።

አለማመዱ። በሳምንት 3 ሐረግ ብቻ። ከመተኛትሽ በፊት ስልክሽ ላይ ቅጂው፣ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ስሚው። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያስጠላል። ሰው ሁሉ ያስጠላዋል። ጆሮሽን ለማስለመድ የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ገጽ ላይ የ6 ደቂቃ የድምፅ ፕሮግራም አለ። ጽሑፉም አብሮ ይገኛል፤ መጀመሪያ ሳታነቢ ስሚው። ከዚያ እንግዳ በሌለበት ሰዓት የጥበቃውን ሰውዬ እንግዳ አድርጊው። በሩ ጋ ሻንጣ ይዞ ይግባ። እንግሊዝኛ ባይችል ይሻላል፤ የፈለገውን ቋንቋ ያጉረምርም፣ ያንቺ ሥራ «ሶሪ?» እና «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ማለት ነው። ተሳስቃችሁ ትሞታላችሁ። ግን ሁለት ሳምንት ስትሠሪው ፈረንጁ ፊት አፍሽ ሳያማክርሽ ይለዋል።

ፒዲኤፉን ከዚያ በኋላ ክፈቺው። የሆቴል፣ የስልክ፣ የመንገድ ጥቆማ የሚሉትን ገጾች ውሰጂ። የአየር ማረፊያና የልብስ መደብሩን ተዪው። በአማርኛ ቢሆን እለው ነበር ወይ እያልሽ እያንዳንዱን ፈትኚው። በአማርኛ የማትይውን በእንግሊዝኛም አትይውም።

«ሃው ዱ ዩ ዱ» መልሱ ራሱ ነው። «ሃው ዱ ዩ ዱ» ይሉሻል፣ «ሃው ዱ ዩ ዱ» ትያለሽ። ጥያቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። ድሮ ሰው ሲተዋወቅ እጅ እየተጨባበጠ የሚለው ነው። አሁን «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ተክቶታል። ጅማ ውስጥ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው «ሃው ዱ ዩ ዱ» ብሎኝ አያውቅም፤ ከፒዲኤፉ ላይ ሰርዢው፣ 499 ይቅር።